«ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» ያለችው ጓደኛዬ

ዛሬ እዚህ ለንደን፣ ዊልስደን አንድ ካፌ ቁጭ ብለን፣ የስንት ዓመት ጓደኛዬ እየሳቀች አንድ ነገር አጫወተችኝ።

«ባለፈው ወር ከስቴም ሴል ለጋሾች መዝገብ ደወሉልኝ። ከአንድ በሽተኛ ጋር ማች አድርገሻል፣ ያንቺ ስቴም ሴል ይስማማዋል፣ ትሰጫለሽ ወይ አሉኝ። ማን ነው ስላቸው ስም አንናገርም አሉ። ለማላውቀው ሰው አልሰጥም ብዬ ዘጋሁት።»

ወንድሜ ዳዊት የደም ካንሰር እንዳለበት ታውቃላችሁ። አምና ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰልፈን፣ የጉንጫችንን ውስጥ በጥጥ አስጠርገን ስቴም ሴል ለጋሽ ሆነን የተመዘገብነው ለእሱ ብለን ነው። እሷ ከሰልፉ ፊት ነበረች። ፎቶዋንም ፖስት አድርጋለች፤ ላይኩ ለጉድ ነበር።

ባለፈው ወር ደግሞ ሐኪሙ ለዳዊት የሚሆን አንድ ሰው ተገኝቶ እምቢ ማለቱን ነገረን። እናቴ እንኳን አልረገመችውም። «ፈርቶ ይሆናል» ነው ያለችው።

እምቢ ያለችው ጓደኛዬ ትሁን ሌላ ሰው፣ መዝገቡ ለእኔም አይነግረኝም። ግን ወሩ ያው ወር ነው።

«ለዳዊት ቢሆንማ ዓይኔን አላሽም ነበር» አለችኝ ኬኳን እየቆረሰች። ተነስቼ ወጣሁ።

እዚያ አዳራሽ የተመዘገባችሁ ሁሉ፣ ከመዝገቡ ሲደውሉላችሁ በሽተኛው «ዳዊት» ነው ብለው አይነግሯችሁም። ተደውሎላችሁ የሚያውቅ ካላችሁ ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ እዚህ ጻፉልኝ።

አንቺ ግን ላይክም ኮሜንትም አታድርጊ። መልሰሽ ደውዪላቸው።