ዘይት የነካው ሸራ

መነጽር ሠሪውን የብስክሌት ጓደኞቹ ግራም ይሉታል። ቅጽል ስሙን ለራሱ ያወጣው እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዲት ብሎን ከመግዛቱ በፊት ስንት ግራም እንደምትመዝን የሚጠይቅ፣ ከገዛም በኋላ የሻጩን ቃል ሳያምን ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው? የሚስቱ የወጥ ቤት ሚዛን ዱቄት ካየ ዓመታት አልፈውታል። ፔዳል፣ ኮርቻና መሪ ሲመዘንበት ከርሟል። የራሱን ቦርጭ ግን አንድ ቀን እንኳ መዝኖ አያውቅም። ጓደኞቹ ይህን እያነሱ ሲስቁበት አብሯቸው ይስቅና በማግስቱ ሠላሳ ግራም የሚያቀል መሪ ያዛል።

ቀን ቀን ከሱቁ ጓዳ ተቀምጦ ሌንስ ይሞርዳል። የደንበኛውን ፊት አንዴ አይቶ መነጽሩ በየትኛው ጆሮ በኩል እንደሚያጋድል ይነግረዋል። እጁ ልክ ነው፤ ቃሉም ልክ ነው፤ ሐሙስ ይደርሳል ያለው ሐሙስ ይደርሳል። ይህን ማለቴ ሰውየው ዝርክርክ እንዳይመስላችሁ ነው። ዝርክርክ ቢሆን ኖሮ ያደረገው ነገር ይህን ያህል ባላሳፈረው ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የተራራ ብስክሌት ሲገጣጥም ኖረ። የሕልሜ ብስክሌት ይለዋል። መጀመሪያ ፍሬሙ መጣና ጎማ ሳያይ አንድ ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። የተሰቀለበት ክፍል ልብስ ሰፊ ለሆነችው ሚስቱ መሥሪያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። እሷ ግን የሙሽራ ቀሚሶቿን የምትሰፋው ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በምግብ ጠረጴዛው መሀል ነው። አንድም ቀን አላጉረመረመችም። እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ በሩን ከፈት ታደርግና፣ ይቺውላችሁ ጣውንቴ፣ እያለች ፍሬሙን ታሳያለች።

እሷም ብስክሌት አላት። የእሱ ብስክሌት የናቀው ሁሉ ወደ እሷ ብስክሌት ይወርዳል፤ እሷም በምርቃት እንደተሰጣት ቆጥራ ትደሰታለች። ያልተባለው ነገር፣ አንዳንዱ ዕቃ ወደ ላይም ይመለስ ነበር። ለልደቷ የሰጣትን ኮርቻ በስድስተኛው ወር ነቅሎ ለራሱ አደረገውና የእሷ ላይ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ርካሽ ኮርቻ ገጠመ። ፔዳሎቿንም እንዲሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌቷን ገልብጦ ሲነካካ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ታመሰግነዋለች። በተራው ሰው ቋንቋ ይህ ሥራ ስርቆት ይባላል። ግራም ግን ማቀያየር ይለው ነበር።

በስድስተኛው ዓመት ብስክሌቱ ተገጣጥሞ አለቀ። እሑድ ጠዋት ለጓደኞቹ ሊያሳየው ስለነበረ ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ ሊያነሳው ግቢ አወጣው። የፊቱ ሹካ፣ ጎማውን የሚይዘው ባለ ሁለት እግር ብረት፣ በፎቶ ላይ እንዲያብረቀርቅ ብሎ ዘይት ረጨበት። ዘይቱ በሹካው ወርዶ የፊት ፍሬኑ ውስጥ ሲገባ ያየው ከሦስተኛው ፎቶ በኋላ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። የፍሬን ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ከሁለት ወገን ጨብጦ የሚያቆም ትንሽ ቁራጭ ነው። ዘይት ከጠጣ አይጨብጥም፤ አውጥቶ መጣል ብቻ ነው መድኃኒቱ። ለጀማሪ ሁሉ፣ ዘይትና ፍሬን አይተያዩ፣ እያለ አፉን ሞልቶ የሚያስተምረው ደግሞ ግራም ራሱ ነው። ትርፍ ሸራ አልነበረውም፤ ሱቆቹም ተዘግተዋል። ነገ ሄዶ፣ ለፎቶ ብዬ ፍሬኔ ላይ ዘይት ረጨሁ፣ ይበል? ከሚለው ቢሞት ይሻለው ነበር።

የሚስቱ ፍሬን ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሸራዎቿን አወጣና ለራሱ ገጠመ። ዘይት የነካቸውን በአልኮል አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ የእሷ ላይ ከተታቸው። እሷ ከሜዳማው መንገድ ወደ ቁልቁል አትገባም፣ ሰኞ አዲስ አስገባላታለሁ፣ ሲል ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይለፋም።

እሑድ ጠዋት ከኮረብታው ግርጌ፣ ከጥድ ጫካው አፍ ላይ አሥራ አምስት ሰው ብስክሌቱን ከበበ። አለቃቸው ፋርማሲስት ነው፤ ማንም ሳይመርጠው ሊቀመንበር ይሉታል። ሊቀመንበሩ ብስክሌቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አነሳና፣ ይኼማ ነፋስ ይወስደዋል፣ አለ። ግራም ደስታው ከፊቱ አልፎ ጆሮውን አቀላው። ሚስቱ ከሁሉም ይልቅ ትኮራ ነበር፤ የሌላውን ሰው ክርን እየነካች ይህን እዩት፣ ያንን እዩት ትላለች። ከዚያ የራስ ቁሯን አጠበቀችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ዛሬ ያንተ ቀን አይደል? እኔም ደረጃውን እወርደዋለሁ።»

ደረጃው የሚሉት የዛፍ ሥሮች እንደ እርከን የሚያቋርጡትን ቁልቁል መንገድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርታው ዙሪያውን ስትሄድ ኖራለች። ሰዉ አጨበጨበላት።  ግራም ፍሬንሽ አይሠራም ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለምን የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ በአሥራ አምስት ሰው ፊት ይመጣል። ቀስ ብለሽ፣ አላት። ያላት ይኸው ነው።

እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ወረዱ። ከመንገዱ ግማሽ ላይ ሁለቱንም ፍሬን ስትይዝ አየ። የፊቱ አልጨበጠም። የኋላው ጎማ ብቻውን ቆመና ተንሸራትቶ ወደ ጎን ጣላት፤ ቀኝ እጇን ዘርግታ ወደቀች። ግራም ዘሎ ወረደ። እንግዲህ ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች አንድ ሕግ አላቸው፦ ብስክሌት ሲያስተኙ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ነው የሚሆነው፤ አለበለዚያ ማርሹ ይጫራል። ግራም ብስክሌቱን አዞረ፣ ሣር ያለበት ቦታ ፈለገ፣ ሰንሰለቱን ወደ ላይ አድርጎ አስተኛው፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ሮጠ። ሁሉም ነገር ሦስት አራት እስኪቆጠር ድረስ ቢፈጅ ነው።

ሊቀመንበሩ ደርሶ መሬቱ ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ አጠና። የኋላውን ብቻ ነው የያዘችው፣ የጀማሪ ነገር ነው፣ አለ። እሷ የእጇን አንጓ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሁለቱንም የያዝኩ መስሎኝ ነበር፣ ብላ ባሏን አየችው። ሊቀመንበሩም ፍሬኑ ደህና እንደሆነ ጠየቀው። ደህና ነው፣ እኔ ነኝ የማየው፣ አለ ግራም። ያኔ እሷ ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳችና፣ እንግዲያው ተሳስቼ ነው፣ አለች።

ሐኪም ቤት እጇ በጄሶ ሲታሰር፣ ልብስ ላምጣልሽ ብሎ ወደ ቤት ተመለሰ። ልብሱን ከመያዙ በፊት ደህናዎቹን ሸራዎች ወደ እሷ ብስክሌት መለሰ። ዘይት የነካቸውን በመነጽር ማስቀመጫ ውስጥ ዘግቶ በማግስቱ ከሱቁ መሳቢያ ጨመራቸው። በየቀኑ መቁረጫ ሊያወጣ መሳቢያውን ሲስብ ያችን ማስቀመጫ ያያታል፤ ያያትና ፊቱ ይግላል። 

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ከውድቀቱ የባሰ ሆነ። ለሙሽሮች ልትሰፋ የጀመረቻቸውን ሦስት ቀሚሶች ለሌላ ልብስ ሰፊ አሳልፋ ሰጠች። ለእያንዳንዷ ሙሽራ ስትደውል፣ የራሴ ጥፋት ነው፣ ፍሬን አያያዝ ሳላውቅበት ቁልቁል ገባሁ፣ ትላለች። ለእናቷ፣ ለታላቅ እህቷ፣ ለሐኪሙም ይህንኑ አለች። ቃሉን ደጋግማው አፏ ለመደው። ብስክሌቷን ስለቧጨረችውም ባሏን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱ ፀጉሯን ያጥባል፣ የልብሷን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ጫማዋን ያስራል፤ አመሰግናለሁ ባለችው ቁጥር መሬት ተከፍታ እንድትውጠው ይመኛል። ልንገራት ብሎ የተነሳባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ እንዲያውም በር ላይ ደርሶ፣ ሻይ ላፍላልሽ፣ ብሎ ተመልሷል።

በአምስተኛው ሳምንት የብስክሌተኞቹ ማኅበር ለጀማሪዎች በትምህርት ቤት ሜዳ ትምህርት አዘጋጀ። ስለ ፍሬን የሚያስተምረው እንደ ወትሮው ግራም ነበር። ሚስቱ እጇን በጨርቅ አንጠልጥላ መጣች፤ ማንም ሳይጠይቃት ከጀማሪዎቹ ፊት ቆመች።

«እኔን እዩ» አለች ፈገግ ብላ። «ባሌ ስንቴ አስተምሮኛል። አልሰማሁትም። እናንተ ስሙት።»

ሰዎቹ ሳቁላት፤ አንዲት ሴትም ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ግራም ብዕሩን አየ። ያቺ ሴት የሚስቱን ጥፋት ልትጽፍ ነው። አምስት ሳምንት ያልወጣው ቃል የዚያን ጊዜ ወጣ።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም» አለ። «የፊት ፍሬኗ ውስጥ ዘይት የነካው ሸራ ነበር። የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ደህናውን ለራሴ ወስጄ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመውጣታችሁ በፊት የፊት ፍሬናችሁን…»

አዎ፣ ወደ ትምህርቱ ገባ። ልማድ ነው እንግዲህ። የፊት ፍሬን እንዴት እንደሚፈተሽ እስከ መጨረሻው አስረዳ፤ ዓይኑን ከአንድ ብስክሌት ጎማ ላይ ሳይነቅል። ሊቀመንበሩ አሳለ። የሳቀ የለም። ቀና ሲል ሚስቱ ቦርሳዋን ይዛ ከሜዳው እየወጣች ነበር።

መንገዱን ሁሉ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሄዱ። ቤት እንደደረሱ ከስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ሳበችና በግራ እጇ ትጽፍ ጀመር። ፊደሎቿ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ይወላገዳሉ። እረፍት ወስዳ፣ እንደገና ጽፋ፣ ወረቀቱን ሰጠችው። ሰባት ስልክ ቁጥር አለበት።

«የኔ ጥፋት ነው ያልኳቸው ሰዎች ናቸው» አለችው። «ለእያንዳንዳቸው ደውለህ ንገራቸው። ማስተማር የለም።»

ብስክሌቱ ያለበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። መጀመሪያ የእናቷ ቁጥር ነበር። አማቱ ሁሉንም ሰሙት። ሲጨርስ፣ የልጄን ቀሚስ ማን ነው የሚቆልፍላት፣ ብለው ጠየቁት። እኔ ነኝ አለ። እሺ፣ ብለው ዘጉ፤ ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ታላቅ እህቷ ግን ሰደበችው፤ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፣ አንድም ቃል አልተሳሳተችም። ሐኪሙ፣ አጥንቱ በማንም ጥፋት ቢሰበር የሚድነው በአንድ መንገድ ነው፣ ስለ ፍሬን ደግሞ እኔ አላውቅም፣ አለው። ከሙሽሮቹ አንዷ ነገሩ ጭራሽ አልገባትም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመላት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ይበልጥ ያሳፍራል። ሌሎቹ ሁለቱ፣ እግዜር ይማራት፣ አሉ።

ሰባተኛውን ቁጥር ሳያስተውል ደወለው። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ጮኸ።

«ማን ልበል?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ባልሽ» አለ። ከዚያ ለስድስቱ ያለውን ለእሷ አላት፤ ሜዳ ላይ ለሰው ሁሉ ሲናገር ለእሷ እንዳልነገራት የገባው ገና አሁን ነው። ቅዳሜን ነገራት፣ ሹካውን፣ ዘይቱን፣ ከመውረዷ በፊት ሳይላት የቀረውን ቃል።

«ሌላስ?»

ኮርቻውን ነገራት።

«ሌላስ?»

ፔዳሎቹን። እጇ በጄሶ ሲታሰር መጥቶ ሸራዎቹን እንዳቀያየረ። ሸራዎቹን የዘጋባትን የመነጽር ማስቀመጫ።

«ሌላስ?»

አልቋል ሊላት ነበር። ብስክሌቱ ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ አንድ ጭረት የለበትም። ግራም ዓይኑን ጨፈነ።

«ስትወድቂ» አለ፣ «መጀመሪያ ብስክሌቴን አስተኛሁ። ከዚያ ነው ወዳንቺ የመጣሁት።»

 ትንፋሿ በአንድ ጆሮው በስልኩ፣ በሌላው በግድግዳው በኩል ይሰማዋል።

«አይቼሃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ፊቴ ወዳንተ ነበር። ሣር ስትመርጥ። አምስት ሳምንት ትነግረኛለህ ብዬ የጠበቅኩት እሱን ነበር። የሸራውንማ የት አውቄ።»