ሙዝ የማይሰጡት ሐጂ

በድርቁ ዘመን ድንበር ተሻግረን ገዳሪፍ እንደገባን ባሌ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ወረደ። እኔ ደግሞ ፋው ከተማ አጠገብ፣ ከራሃድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ የሙዝ አትክልት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሰዉ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸው ስለነበር እኔም ሐጂ አልኳቸው። ሥራዬ የደረቀ ቅጠል መግፈፍ፣ ቦይ መጥረግ፣ ከእናቲቱ ሙዝ ሥር የሚበቅለውን ችግኝ እየፈነቀልኩ ማውጣት ነበር።

ሐጂ እጃቸው ከመስጠት የማይታጠፍ ሰው ነበሩ። በዚያ ክፉ ዓመት ከስደተኞቹ መጠለያ የሚመጣ ሰው በራቸው ላይ ከቆመ ሙዝ ሳይዝ አይሄድም። ለጎረቤት ደግሞ ችግኝ ይሰጣሉ። በወንዙ ዳር ካሉት አትክልቶች ግማሹ የእሳቸው ሙዝ ልጆች ናቸው ይባል ነበር።

ዝናቡ እንዳባራ ረጅሙና ጣፋጩ የሙዝ ዓይነት መታመም ጀመረ። የታችኞቹ ቅጠሎች ከዳር ዳራቸው ቢጫ ሆኑ፤ ከዚያ ታጥፈው በግንዱ ዙሪያ እንደ ቀሚስ ተንዘረፈፉ። ግንዱ ራሱ ከበታቹ ተሰነጠቀ። ሐጂ «ጠምቶት ነው» አሉና ውሃ እንድናበዛ አዘዙ። አበዛን። ከሳምንታት በኋላ ቦዩ የሚያልፍበት ረድፍ ሁሉ ቢጫ ሆነ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ የእንሰት አገር ሰው። ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ከመምጣቱ በፊት የመንግሥት ሙዝ እርሻ ላይ ሠርቷል። አንድ ቀን የታመመውን ግንድ በገጀራ ቆረጠና ጠራኝ። ነጭ መሆን የነበረበት ውስጡ ቀላ ባለ ቡናማ ነጠብጣብ ዙሪያውን ተከቧል።

«የኛ እንሰት ሲታመም ከተቆረጠው ላይ ቢጫ መግል ይወጣዋል» አለኝ። «ይሄ መግል የለውም፤ ሌላ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ነው። በሥሩ ይገባና ውሃ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋዋል።»

«ታዲያ ውሃ ብናበዛለት ምን አለበት?»

«ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ውሃ ቢሰጡት ይውጣል? ይልቅ ውሃው ሻጋታውን ይዞ ወደ ጤነኛው ይሄዳል። በገጀራ ይሄዳል፤ በጫማ ጭቃ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ግን በችግኝ ነው የሚሄደው።»

«መድኃኒቱስ፣ ጋሼ?»

«የለውም። እንዳይዛመት መከልከል ብቻ ነው።»

እሱ ዓረብኛ አይሆንለትም፤ እኔ በገዳሪፍ ገበያ ለምጄዋለሁ። ስለዚህ አስተርጓሚ ሆንኩና ሐጂ ፊት ቆምን። እሱ «ሽማግሌው ሙዙን በገዛ እጁ እየገደለው ነው በያቸው» አለኝ። እኔ ግን «ሐጂ፣ በውሃ በኩል ትንሽ በዝቷል ይላል» አልኳቸው። እሱ «ችግኝ መስጠቱን ዛሬውኑ ካላቆመ አገሩን ሁሉ ይበክላል» ሲል እኔ «የእርስዎን ልግስና ያደንቃል» አልኩ። ያስጠለሉኝን ሰው በምን አፌ እንዲያ ልበላቸው?

ሐጂ ደስ ብሏቸው «ልግስናዬን ከወደደልኝማ ነገ ለወንድሜ የምልከውን ችግኝ እሱ ይምረጥልኝ» አሉ። ወንድማቸው ወደ ታች ወርዶ አዲስ አትክልት ጀምሯል። ይህንን ለጎልማሳው ስነግረው ትኩር ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ ምንድን ነው ያልሻቸው?» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የአህያ ጋሪው ችግኝ ተጭኖ ለመሄድ ተሰናዳ። ሄጄ አህያዋን በልጓሟ ያዝኩ።

«ሐጂ፣ ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ እሱ እንዳለው አድርጌ ነገርኳቸው። ጎልማሳው ከጋሪው ላይ አንድ ችግኝ አወረደ። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ እንከን አይታይበትም። ከሥር ያለውን ወፍራሙን፣ እሱ በአገሩ ቋንቋ አሚቾ የሚለውን፣ ለሁለት ሰነጠቀው። ውስጡ ቀይ ቀይ ነጥብ ነበረበት።

ሐጂ የተሰነጠቀውን አንስተው አገላበጡት። በኋላ «እኔስ እሱ ሲያወራ ይረዝም፣ አንቺ ስትተረጉሚው ያጥር ነበርና ገርሞኝ ነበር፣ ያ ቢቲ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ጋሪው እንዲራገፍ አዘዙ። እሳቸው ግን በባዶው ጋሪ ወጡና ወደ ወንድማቸው ሄዱ። ሲመለሱ ምን እንዳሉት ጠየቅናቸው። «ስለምወድህ ባዶ እጄን መጣሁ አልኩት። አብዷል ብሎ ምሳ አበላኝ» አሉን። ተሳሳቅን።

ከዚያ ጀምሮ አዛዡ ጎልማሳው ሆነ። የታመሙትን በያሉበት ከትፈን፣ አድርቀን፣ በሰሊጥ ገለባ አቃጠልናቸው። ቦዩን ከታመመው መደብ አዞርነው፤ መደቡንም በእሾህ አጠርነው። ገጀራ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲያልፍ በእሳት ይለበለባል። በሩ ላይ የውሃ በርሜል ቆመ፤ የሚገባም የሚወጣም እግሩን ሳያጥብ አያልፍም። ሐጂ በመጀመሪያው ቀን «ለጌታዬ በቀን አምስት ጊዜ እታጠባለሁ፤ አሁን ደግሞ ለሙዝ?» ብለው አጉረመረሙ። ሐጃ፣ ባለቤታቸው፣ የውሃ ማሰሮ ይዘው መጥተው በገዛ እጃቸው የሐጂ እግር ላይ አፈሰሱ።

በታጠረው መደብ ላይ ሙዝ እንዳይተከል ጎልማሳው አጥብቆ ከለከለ። ሻጋታው አፈሩ ውስጥ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል አለን። ማሽላ ዘራንበት። ማሽላውን በሽታው አልነካውም፤ ሐጂም «ይሄ የእናንተ ነው» ብለው ለሠራተኞቹ ለቀቁልን። ከመጠለያው የመጡ ዘመዶቻችን ጭምር ከእሱ በሉ። በጤናማው በኩል፣ በሽታው የማይደፍረውን አጭሩን የሙዝ ዓይነት ንጹሕ ከሆነ ሩቅ አትክልት አስመጥተን ተከልን። ሐጂ ሲቀምሱት «እንደ ድሮው አይጣፍጥም» አሉ። እየበሉ ግን ሁለተኛውን ላጡ።

ከዓመት በኋላ በእሾህ አጥሩ ዳር፣ ከተረፈው ከረጅሙ ዓይነት አንዱ ሙዝ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ቢጫ ሲሆን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ማንንም ሳልጠይቅ የማቃጠያ ገለባ ላመጣ ሄድኩ።