አንዴ ብቻ የሚጠይቁበት አገር

ከኮተቤ በወጣሁበት ማታ ልጄ ሶስና አላለቀሰችም፤ አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው። አባቷ ትቶን ከሄደ ቆይቷል፣ ያላት እኔና እናቴ ብቻ ነን። ታክሲው በር ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ እናቴ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ ከዚፑ ጋር ትታገላለች፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቆሎው አልዘጋ ብሏል። ሹፌሩ ሻንጣውን ሲያነሳ፣ "እህቴ፣ ፊዚክስ ልትማሪ ነው ሱቅ ልትከፍቺ?" አለኝ።

"ሥራ እንደያዝኩ እወስድሻለሁ" አልኳት ሶስናን። "እሺ" አለች፣ በቃ። ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ለቅሶዬን መያዝ አቅቶኝ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋልኝ።

ጀርመን ይበርዳል ሲሉኝ ስቄ ነበር፤ እኔ የየካ ልጅ፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ጠጥቼ ያደግኩ! እናንተዬ፣ የእኛ ብርድ እኮ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የዚህኛው ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። በዚያ ላይ አከራዬ ጠዋት ጠዋት መስኮት ክፈቺ ይሉኛል። "ግድግዳው መተንፈስ አለበት።" "እኔስ?" ብላቸው፣ "አንቺማ ጃኬት አለሽ" አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥራዬ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ ንጣፍ መሥራት ነው። አየር እንዳይነካው እጃችንን በተዘጋ የመስታወት ሳጥን ጓንት ውስጥ ከትተን ነው የምንሠራው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሶስናን ላምጣ ስል የዶክትሬት ተማሪ ገቢ አይበቃም ተባልኩ፤ ኮንትራት ያለው ሥራ ካገኘሽ ግን ትመጣለች አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

ትምህርቴን ስጨርስ፣ የፊዚክስ ክፍሉ በዓመቱ በዓል ላይ የምርጥ ጥናት ሽልማት ሰጠኝ። ስሜን ሲያጣምሙት እንኳ ደስ አለኝ። ከመድረክ ስወርድ ፕሮፌሰሬ ኬክ የያዘ ሳህናቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉኝና፣ "አንድ የተመራማሪ ቦታ አለኝ። ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ።

ልቤ ልትፈነዳ! ታዲያ ምን ብላቸው ጥሩ ነው? "አይ፣ እኔ ምን ሠራሁና? ከእኔ የሚሻሉ አሉ።"

አትፍረዱብኝ። እናንተስ ምን ትሉ ነበር? ኮተቤ ሳስተምር የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ሁኚ ሲሉኝ፣ ኧረ በፍጹም ብዬ ስግደረደር መምህራኑ ሁሉ ለምነው አይደል ያስገቡኝ? በመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ እሺ የሚል ስግብግብ ነው። "ኧረ ተይ፣ ካንቺ ወዲያ ማን አለ!" እስኪሉኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

"ገባኝ። ግልጽ ስለሆንሽ አመሰግናለሁ" ብለው ጨበጡኝና ሄዱ። ይመለሳሉ ብዬ እዚያው ቆምኩ። እውነትም ተመለሱ፤ ሹካ ረስተው ነበር።

በሳምንቱ ቦታው ለሥራ ባልደረባዬ ተሰጠ። ቢሯቸው እየሮጥኩ ገባሁ። "ፕሮፌሰር፣ እኔ እኮ ፈልጌው ነበር!"

ደነገጡ፣ ከልባቸው። "አልፈልግም አላልሽኝም?"

"ሁለተኛ ቢጠይቁኝ ኖሮ እሺ እል ነበር።"

"ሰውን ሁለተኛ መጠየቅማ ማስገደድ ነው" አሉኝ። "እኔ እኮ አክብሬሽ ነው።" ኮንትራቱ ተፈርሟል፤ ሌላ ገንዘብ የለም። ከሰዓት በኋላ እጄን ጓንቱ ውስጥ እንደከተትኩ እንባዬ መጣ። መጥረጊያ እጅ እንኳ አልነበረኝም።

ኢሚግሬሽን ቢሮ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይዤ ሄድኩ። ያስተናገደኝ ሰውዬ ወጣት ነው፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

"ሥራ ተሰጥቶዎት ነበር፤ አልተቀበሉም?"

"እኛ አገር በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይባልም።"

"በስንተኛው ነው የሚባለው?"

"እንደ ጠያቂው ነው። በሦስተኛው ሊሆን ይችላል።"

ኮምፒውተሩን ትክ ብሎ አየ። "እዚህ ላይ ለሦስተኛው ቦታ የለውም" አለኝ፣ እንደማዘን ብሎ። ለእኔ ሥራ መፈለጊያ ጊዜ ሰጠኝ። ልጄስ ስለው፣ "ናይን" አለ፣ አይሆንም። ለሶስና ያስገባሁት ማመልከቻም ያለ ኮንትራት ተቀባይነት የለውም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሁድ ቁርጡን ልነግራቸው ቤት ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋዋለች፤ ጎረቤቱ ለሽልማቴ ተሰብስቧል፣ እልልታው ይቀልጣል። "የእኔ ልጅ፣ አኮራሽን! ሶስናን መቼ ነው የምትወስጃት? ወፍራም ካፖርት ልግዛላት?"

"እስቲ እሷን አገናኚኝ" አልኳት።

"እማ፣ እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ ሶስና። ድምጿ እንዴት ትልቅ ሆኗል! ልነግራት አስቤ አፌ ሌላ ነገር አወጣ።

"ሶስዬ፣ እኔ ጋ መምጣት ትፈልጊያለሽ?"

"አይ፣ አትቸገሪ እማ። እኔ እዚህ ደህና ነኝ።"

እኔን ያሳደገች እናቴ ናት ያሳደገቻት። ያ "አይ" ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ትንፋሿን ውጣ ስትጠብቅ ይሰማኛል። አንዴ ብደግምላት እሺ ትለኛለች፤ እሺ ካለችኝ በኋላ ደግሞ የምሰጣት ምንም የለኝም።

"ገባኝ፣ የኔ እናት" አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም። ሁለተኛ ግን አልጠየቅኳትም።