መርፌው እስኪወርድ

የፈላ የራዲያተር ውሃ ሽታ፣ ያ ዝገትና ናፍጣ የተቀላቀለበት እንፋሎት፣ ዛሬም አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ስሄድ ድንገት ካገኘኝ እግሬን ይይዘዋል፤ አባዬ ማሳው መሀል ሞተር አጥፍቶ ተቀምጦ ይታየኛል።

ከባምባሲ ወጣ ብላ ባለችው የሰፈራ መንደራችን ትራክተር የሚነዳው አባዬ ብቻ ነበር። ትራክተሩ ግን የጋሼ ሀሚድ ነበር። ጋሼ ሀሚድ የአሶሳ ተወላጅ፣ ቤርታ፣ ገበሬም ነጋዴም ሲሆን አማርኛን እንዳሻው የሚያስኬዳት ደግ ሰው ነበር። አባዬም ከወሎ ይዞት የመጣውን አነጋገር ስላልለቀቀ ሁለቱ አንዳቸው ባንዳቸው አፍ እየሳቁ ይውሉ ነበር።

በጋው አልቆ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው እርሻ ይጀመር ነበር። እማዬና እኔ ምሳ ይዘን ስንደርስ አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ የሞተሩን ሙቀት በመርፌ የሚያሳየው ጌጅ ላይ ያፈጥጥ ነበር። የዚያ አሮጌ ትራክተር ጌጅ ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከሞተሩ ተነስታ እስከ መሪው የምትደርስ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነበረችው፣ ውስጧ ያለው ፈሳሽ ሲግል መርፌውን ይገፋዋል፣ ሲበርድ ይመልሰዋል። ሞተሩ ጠፍቶም እንኳ መርፌው እውነቱን ይናገር ነበር። አባዬ መርፌው ሳይወርድ የራዲያተሩን ክዳን አይነካም፣ ለራዲያተሩ ውሃ ሳይጨምርም ምሳ አይቀምስም። እማዬ ምሳው ቀዘቀዘ ብላ ስታጉረመርም፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እያለ ያበሽቃት ነበር።

አንድ ዓመት ጋሼ ሀሚድ ሌላ ትራክተር ገዛ። እሱም ያገለገለ ቢሆንም ከአሮጌው ይሻል ነበር፤ ጌጁም በሽቦ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ይዘን ስንደርስ አባዬ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ሲያጠፋ መርፌው ወዲያው ታች ወደቀ።

«አየሻት ይችን ጎበዝ? ከመቆሟ በረደች» አላት እማዬን እየሳቀ፣ ወርዶም ክዳኑን ከፈተ።

መርፌው የወደቀው ኤሌክትሪኩ ስለተቋረጠበት እንጂ ውሃውስ እንደፈላ ነበር። ፊቱ ላይ ፈነዳበት።

ያን ክረምት አባዬ ዓይኖቹ በፋሻ ታስረው ተኛ። ዳግም ያይ እንደሆነ ሐኪሞቹም ቁርጡን አልነገሩንም። እማዬ እንጀራችን ምን ይሆናል ብላ ትጨነቅ ነበር፤ እኔ ግን አባዬ ፊቴን ዳግመኛ ላያየው ነው ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሼ ሀሚድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እየመጣ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን የሆዱን አወጣው።

«ጥፋት የኔ ነው ሰይድ። ይሄ ጌጅ ቁልፍ ሲዘጋ ይሞታል። እኔ ያውቃል ነበር፣ ላንተ አልነገረም።»

አባዬ እጁን በዳበሳ ፈልጎ ያዘው። «እኔስ መች ጠየቅሁህ? አሁን ይልቅ ዘሩ እንዳያልፍብህ፣ ሂድና አሳርስ» አለው።

መስቀል አካባቢ ፋሻው ሲፈታ ቀኝ ዓይኑ ተመለሰ፤ ግራው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። ቀና ብሎ አየኝና «ረዘምሽ እንዴ?» አለኝ፣ እማዬ ፊቷን አዞረች።

በአጨዳው ወራት ጋሼ ሀሚድ የአሮጌውን ጌጅ ከነቱቦው አስፈትቶ አዲሱ ላይ አስገጠመው፣ ሁለቱ ጌጆች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዝናቡ ሲመለስ አባዬም ወደ መሪው ተመለሰ፤ መርፌውን ግን በአንድ ዓይኑ አጥርቶ ስለማያየው ቆሜ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ ወንዝ ዳር እየጠበቁኝ ምላሴን ቢበላኝም፣ ሳይወርድ ወረደ ብዬው አላውቅም።

ዛሬ አሶሳ አስተምራለሁ፣ የአባዬም ደህናዋ ዓይኑ ደክማለች። ለሕክምና ቀጠሮው በመኪናዬ አመላልሰዋለሁ። ቤቱ ደጃፍ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ የመኪናዬም መርፌ እንደ አዲሱ ትራክተር ወዲያው ይወድቃል። አባዬ ግን ከመኪናው ከመውረዱ በፊት ሞተሩ በርዶ እንደሆነ ይጠይቀኛል። «የዛሬ መኪና ክዳኑን በየዕለቱ ማን ይከፍተዋል?» ልለውስ እችል ነበር።

«ገና ነው አባዬ» እለዋለሁ። ውሸት አይደለም፣ ውሃው ትኩስ ነው። እሱም ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጋሼ ሀሚድ ልጆች ያወራኛል። ያኔ መርፌው ቶሎ ወርዶልኝ ልሮጥ እጓጓ ነበር፤ አሁን ግን ሞተሩ ሳይበርድ ቢያመሽ ደስታዬ ነው።