«እህቴ» ያሉኝ የዶራሌ ሾፌሮች

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ድሬዳዋ

ጋሽ ታምራት የከባድ መኪናውን ሞተር አስነሳ። ጋቢናው ውስጥ የውሃ ጀሪካን፣ አንድ ካርቶን ማንጎና እኔ አለን። ጅቡቲ የምሄደው ዶራሌ ወደብ የሚያድሩ ሾፌሮችን ስለ መንገድ ላይ ፍቅር፣ ስለ ኮንዶምና ስለ አባላዘር በሽታ ልጠይቅ ነው። ባለፈው ጥናት ሁሉም «ከሚስቴ ሌላ አላውቅም» ስላሉ፣ የወደቡን የሾፌሮች ክሊኒክ የሚረዳው ድርጅት «እንግዲያው ክሊኒኩ ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ሊዘጋው ነው። የዘንድሮውም መልስ እንደዚያው ከሆነ አበቃለት።

«እኔ ልጄ፣ በትዳሬ ቀልድ አላውቅም» አለኝ ጋሽ ታምራት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሰኞ ማምሻ፣ ዶራሌ

አቧራ፣ ናፍጣ፣ እስከ አድማስ የተሰለፈ ተሳቢ። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ዘሐራ የድሬ ልጅ ናት። ባዶውን የመድኃኒት ቁም ሳጥን ከፍታ አሳየችኝ።

«ሁሉም ጨዋ ከሆነ መድኃኒቱን ጂን ነው የሚውጠው?»

ማክሰኞ፣ አርሂባ

ቀኑን ሙሉ ወደቡ ላይ በተሳቢ ጥላ ስር ስጠይቅ ዋልኩ። በደንባችን መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ አገርህ የት ነው፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ ልጆችስ? ሰውየው ኮምቦልቻ ይላል፣ እኔም አክስቴ እዚያ ናት እላለሁ፣ ወዲያው «እህቴ» እባላለሁ። ዋናው ጥያቄ ሲመጣ ዓይኑ ወደ ክሬኖቹ ይሸሻል። «ኧረ እህቴ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ!» ጻድቃን ብቻ መዝግቤ ተመለስኩ። በጣም ተናደድኩ።

ማታ ከተማ ውስጥ፣ አርሂባ ሰፈር፣ ዘሐራ ቤት የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ እየበላን ድንገት በራልኝ።

«ዘሐራ፣ ወንድምሽ ፊት ይህን ታወሪያለሽ?»

«ሞቼ ነው!»

«እኔ እኮ ሁሉንም ወንድሞቼ እያደረግኳቸው ነው!»

ረቡዕ፣ ካርቲየ 5

ሾፌሮቹን የማያውቅ አንድ የዚህ ሰፈር ሞባይል ጠጋኝ ጥያቄዎቹን በድምፁ ስልክ ላይ ቀዳልን። ሰላምታ የለም፣ ስም የለም። ስልኩን ይዘን ወደ ወደቡ ተመለስን፤ ሾፌሩ ብቻውን ጋቢናው ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማል፤ አዎ ከሆነ አንድን፣ አይደለም ከሆነ ሁለትን ይጫናል። መጨረሻ ላይ ድምፁ «ሲስተር ዘሐራ ስም አትጠይቅም» ይላል።

የመጀመሪያው ሾፌር ተጠራጠረ።

«ሰውዬው ያውቀኛል?»

«አያውቅህም።»

«አንቺስ ትሰሚያለሽ?»

«ከዚህ ሆኜ ምን እሰማለሁ?»

መስኮቱን ዘግቶ ብዙ ቆየ። ጋሽ ታምራትም ተራው ሲደርስ ስልኩን ይዞ ጋቢናው ላይ ወጣ።

ሐሙስ፣ ዶራሌ

ያው ሾፌሮች፣ ያው ጥያቄ፣ ሌላ መልስ! ብዙዎቹ አንድን ተጭነዋል። ውጤቱን ሊያይ የመጣው የረጂው ተወካይ የማክሰኞውንና የረቡዑን መልስ ጎን ለጎን አድርጎ ደጋግሞ አየ።

«ክሊኒኩ አይዘጋም» አለ በመጨረሻ።

ዘሐራ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አገዝኳት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

ዓርብ ንጋት፣ የመልስ ጉዞ

ዕቃዬን ጭኜ ጋቢና ገባሁ። ጋሽ ታምራት ሞተሩን አስነስቶ መልሶ አጠፋው።

«አንዴ ጠብቂኝ ልጄ፣ ሲስተርን ላመስግናት።»

ምስጋናው ረዘመ። ሲመለስ የሸሚዙ ኪስ በመድኃኒት ተወጥሯል። እኔም ዓይኔን ወደ ክሬኖቹ አሸሸሁ። እስከ ድንበር ድረስ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን፤ ድሬ ስንገባም እንደ ሰኞው «ልጄ» እያለኝ ነበር።