እህቴ እጇን ያወጣች ዕለት

ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ሐዋሳ ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ። አናጺ ነበርኩ። ያሳደግኳት ታናሽ እህቴ ምሥራቅ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ስትላክ፣ ደብዳቤዋን በሰው እያስነበብኩ ምስጢሬን መዝራት ሰለቸኝና ተመዘገብኩ።

በገዛ ዓይኔ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤዋ ታዲያ ክፉ ነበር። "ጋሼ፣ ወደ አገር ቤት ሊመልሱኝ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያልተናገረ ሰው ነጥብ አያገኝም። ባለፈው ሽማግሌው አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ስሌት ተሳሳተ። እኔ ቀድሜ አይቼ ዝም አልኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እንደተቀመጠች 'ተሳስተዋል' አለችው። ስሌቱን አጠፋና አመሰገናት፣ ጋሼ።"

ጠመኔውን ይዞ የቆመው ሽማግሌ ታየኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለ? "ታላቅ ሲናገር አፍሽን ያዢ" እያልኩ የቆነጠጥኳት እኔ ነኝ። አገሩም አግዞኛል፤ በዚያው አዳራሽ ስብሰባ ሲጠራ፣ ሊቀመንበሩ የፈለገውን ቢቀባጥር እናጨበጭብ ነበር። ያላጨበጨበ ይታያል፤ የታየ ይታሰራል።

ምን ብዬ ልጻፍላት? ተናገሪ እንዳልል፣ እኔ ራሴ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

በማግስቱ አስተማሪያችን፣ የቀበሌው ታይፒስት፣ አራት ሜትር ጣውላ በስልሳ ሳንቲሜትር ሲቆረጥ ሰባት ቁራጭ ይወጣዋል ብላ ጻፈች። ክፍሉ ሁሉ አቀርቅሮ ሰባት ብሎ ገለበጠ። እጄን አወጣሁ።

"ስድስት ነው። ሰባተኛውን ከጎረቤት ጣውላ ልትቆርጪ ነው?"

የሳቀ የለም። ሰሌዳውን አየች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ሰባቱን በመዳፏ አጠፋች። "እውነትዎን ነው፣ ጋሼ" አለች።

ለእህቴ ይህንኑ ጻፍኩላት፤ እኔ ተናገርኩ፣ አንቺም ተናገሪ ብዬ። አልታሰርኩም የሚለውን ተውኩት፤ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ተከፍቶ ይነበባል።

መልሷ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። "እጄን አውጥቼ ሽማግሌውን አስተማሪ 'ተሳስተዋል' አልኩት፣ ጋሼ። የተሳሳትኩት ግን እኔ ነበርኩ። ያም ሆኖ ደግ አደረግሽ ብሎ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ አመሰገነኝ። አልመለስም፤ ልቀጥል ነው።"

ንባቤ ገና ነውና ዓይኔን አላመንኩትም። በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብትሳሳትም አመሰገናት። ደብዳቤው ይኸው ነው የሚለው።