ብርቄ የጠየቀችኝ ፈቃድ

ማክሰኞ ጠዋት በቴሌግራም ቡድናችን ሁለት መልእክቶች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው «ብርቄ አረፈች» ይላል። ሁለተኛው «ምድር ቤት ልብስ ይሰፉ የነበሩት ጋሽ ከድር አረፉ» ይላል። የጻፈችው አድሚናችን ቤቲ ናት። እኔ በአንድ ጠዋት ሁለት ሰው የሞተብን መስሎኝ ለብርቄ «ነፍስ ይማር»፣ ለጋሽ ከድር «አላህ ይዘንላቸው» ብዬ ለየብቻ መለስኩ። ቤቲ ወዲያው ደወለችልኝ።

«አንድ ሰው ናቸው እኮ» አለችኝ።

አልገባኝም። ዛሬም በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።

ነገሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አትላስ አካባቢ ባለው ሕንፃችን የምንሠራ ሰዎች አንድ ጨዋታ አለን። ከዓመታት በፊት በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ፣ ስለ አንድ ሆቴል የሚያወራ ድራማ ነበር። ከድራማው ሰዎች እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንመርጣለን፤ ከዚያ በኋላ በቡድኑ ውስጥ የምንጽፈው እንደዚያ ሰው ሆነን ነው። ማን ማንን እንደሚጫወት የምታውቀው ቤቲ ብቻ ናት። ሕጉ እንደዚያ ነው።

እኔ የመረጥኩት የሆቴሉን ባለቤት፣ ቁጡዋን እትዬ የሺን ነው። በምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ደንበኛ ሲያናግረኝ አንገቴን የምደፋ ሰው ሆኜ ለምን እሷን እንደመረጥኩ አላውቅም። የሆቴሉ ሠራተኛ ብርቄ ግን ለረጅም ጊዜ የሚመርጣት ጠፋ። መታዘዝ የሚፈልግ ሰው የለማ። አንድ ቀን «እትዬ፣ መጥቻለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ እረፍት አዘዝኳት።

«አንቺ ብርቄ! አንሶላው እስካሁን አልተተኮሰም?»

«እትዬ፣ ካውያው ቀዝቅዟል።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«አንዴ ይጩሁበት። እኔን ሲጮኹብኝ ትኩሳት ይነሳብኛል፤ እሱንም ይነሳበት ይሆናል።»

ብርቄ ሆነው ይጽፉ እንደነበር አላውቅም እንጂ ጋሽ ከድርን በአካልም አውቃቸው ነበር። ቁልፉ የረገፈ፣ ዚፑ የተበላሸ የደንበኛ ልብስ ሲኖር ይዤላቸው ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይቀበሉኛል። መርፌ ከማንሳታቸው በፊት ሁልጊዜ ልብሱን ገልብጠው ውስጡን ያያሉ። «ከውጭ ያየ ውበቱን ያውቃል፤ ከውስጥ ያየ ድካሙን ያውቃል» ይሉ ነበር። እኔ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ካልኩ በኋላ ሌላ ቃል አይወጣኝም።

አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛ ኮት ገበሩ በካውያ ተቃጠለብኝ። ሰውየው ጮኸብኝ። ጋሽ ከድር ደረጃውን እየወጡ ነበር። ኮቱን ተቀብለው ገለበጡትና «ጌታው፣ የተቃጠለው ገበሩ ነው። ገበር የእኔ ሥራ ነው፤ ነገ ይውሰዱት» አሉት። በነጋታው አዲስ ገበር አድርገው አመጡልኝ። «ይኸው፣ እትዬ» አሉኝ። ትልቅ ሰው ትንሿን ሲያቆላምጥ እንዲህ ይላል ብዬ አለፍኩት። አሁን ያቺን ቃል እየደጋገምኩ አስባታለሁ። እትዬ የሺ እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር ማለት ነው?

ከሰውየው ጩኸት በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ እንደ እትዬ የሺ መቆጣት አልሆነልኝም። «ብርቄ፣ ዛሬ እረፊ» ብዬ ጻፍኩ። ብርቄ ግን «ምነው እትዬ፣ ድምፅዎ ቀነሰ? ይቆጡኝ እንጂ! እርስዎ ካልተቆጡ ሆቴሉ ይዘጋል» ብላ መለሰችልኝ።

ጋሽ ከድር ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ብርቄ «እትዬ፣ ለጥቂት ቀን ፈቃድ ይስጡኝ። የምሄድበት አለኝ» ብላ ጻፈች። እኔም እንደ እትዬ የሺ ሆኜ «ሥራሽን ሳትጨርሺ የምን ፈቃድ ነው! ንቅንቅ አትዪም!» አልኳት። ቡድኑ በሳቅ ተሞላ። «እሺ እትዬ» አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጻፈችም። ጋሽ ከድር ሆስፒታል የገቡት በዚያ ቀን እንደሆነ የሰማሁት ለቅሶ ላይ ነው።

ለቅሶው ሲኤምሲ፣ ቤታቸው ነበር። ከቤቲ ጋር ሄድኩ። ቤቲ ማን እንደሆንኩ ስትነግራቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እትዬ የሺ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላውቅ ነው አንቺ እያልኩ ያዘዝኳቸው።»

«እሱ ነው የሚያስጨንቅሽ? እኔን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም። አንቺን "እሺ እትዬ" ሲልሽ ቀንቼ ነበር!»

በዙሪያችን ያሉት ሴቶች እያለቀሱ ሳቁ። እኔ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

«እትዬ የሺ እኔ መሆኔን ጋሼ ያውቁ ነበር?»

«አንድ ቀን ጠይቄው "ማን እንደሆነች ካወቅኩ መታዘዝ ያቅተኛል" አለኝ።»

ይህ ማወቅ ይሁን አለማወቅ እስካሁን መለየት አልቻልኩም። ስለ ፈቃዱም ጠየቅኳቸው። ወይዘሮ ዘይነባ «"ከለከለችኝ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ ሰጠኝ» አሉኝ።

ጋሽ ከድር ለምን እንደሳቁ አላውቅም። ደስ ብሏቸው ነው ያለችኝ ቤቲ ናት። ይህን የስንብት ጽሑፍ አንቺ ጻፊው ያለችኝም እሷ ናት። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና ቃል ካጎደልኩ ቤተሰቦቻቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጋሽ ከድር፣ እርስዎን አንቺ ማለት ነውር ነው። ብርቄን እርስዎ ብላትም ጨዋታው ይበላሻል። የትኛችሁን እንደምሰናበት ግራ ስለገባኝ ሁለታችሁንም እሰናበታለሁ። ጋሼ፣ ኮቱን ሲሰጡኝ ያላመሰገንኩት አፌ ስለተያዘ ነው። አመሰግናለሁ። አላህ በጀነት ያኑርዎት።

አንቺ ብርቄ ደግሞ ስሚኝ፤ እትዬ የሺ ነኝ። ሥራው ይቆይ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ። ፈቃድሽን ሰጥቼሻለሁ። ሂጂ።